የጀልባ ባትሪ እንዳይነቃነቅ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በትንሽ የሞተር ጀልባ የተጓዘ ሰው፣ ነፋስ ሲነሣ ጣና ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፡፡ ጀልባዋ ማዕበሉ ላይ ወጥታ ውኃውን መልሳ ስትመታው፣ ወንበር ሥር ያለው ዕቃ ሁሉ ይዘላል፡፡ ሞተሯ በቁልፍ የሚነሣ ከሆነ፣ ከሚዘሉት አንዱ 20 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሊሆን ይችላል፡፡ መኪና ላይ ባትሪ ቢላላ መንገድ ዳር ቆሞ ኤሌትራውቶ መጥራት ይቻላል፡፡ ሐይቅ መሀል ግን የላላ ባትሪ ኬብሉን ነቅሎ ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል፤ ቤንዚኑም ያለው እዚያው አጠገቡ ነው፡፡

«በደንብ እሰረው» የሚለውን ምክር ሁሉም ይሰጣል፡፡ በደንብ ማለት ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ያስቀመጠ ደንብ ሲገኝ ግን ሕግ ለተማርን ሰዎች ደስ ይላል፡፡ የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ (ርዕስ 33፣ ክፍል 183፣ ቁጥር 420) እንደሚለው፣ የተገጠመ ባትሪ በክብደቱ እጥፍ ወይም በ41 ኪሎ ገደማ ኃይል፣ ከሁለቱ ባነሰው፣ ወደ ላይ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ለየአንዳንድ ደቂቃ ሲጎተት ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ መንቀሳቀስ የለበትም፡፡ ባለ 20 ኪሎው በ40 ኪሎ ይፈተናል ማለት ነው፡፡ በከመነዳሪ ቁራጭ የተጠፈረ ባትሪ ይህን ፈተና አያልፍም፤ ከመነዳሪ ይለጠጣላ!

የሚገርመው፣ ደንቡ ሞተራቸው ከኋላ የሚንጠለጠል ጀልባዎችን አይመለከትም፡፡ የእኛዎቹ ትንንሽ ጀልባዎች ደግሞ በአብዛኛው እንዲያ ናቸው፡፡ ሕግ አውጪው ይተዋቸው እንጂ መለኪያው ለእነርሱም ይሠራል፡፡

አሠራሩ ከባድ አይደለም፡፡ ባትሪው አሲድ በማይበላው የፕላስቲክ ሳጥን ይቀመጣል፤ ሳጥኑ በማይዝግ ብሎን ከጀልባዋ አካል ጋር ይታሰራል (ብሎኑ የጀልባዋን ሆድ በስቶ እንዳያልፍ!)፤ ከላይ የማይለጠጥ ሰፊ ቀበቶ ይጠብቅበታል፡፡ ሳጥኑን አስሮ ባትሪውን ውስጡ እንዲንሸራተት መተው ግማሽ ሥራ ነው፡፡

ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል፡፡ ከአየሩ 4 በመቶ ያህል ሲደርስ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች፡፡ ሃይድሮጅን ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፣ የቤንዚን ተን ስለሚከብድ ታች ይተኛል፤ ባትሪው መሀል ላይ ነው፡፡ ስለዚህ የሳጥኑ ክዳን መተንፈሻ ይኑረው፡፡ ባትሪው ከነዳጅ ታንክ ወይም ማጣሪያ በቀጥታ በላይም በታችም አይቀመጥ፡፡

ፖዘቲቩን መፍቻ ወይም የመልሕቅ ሰንሰለት እንዳይነካው በጎማ ቆብ መሸፈን ያስፈልጋል፡፡ ኬብሉ በብሎን ይጥበቅ እንጂ በስፕሪንግ መቆንጠጫ አይያዝ፡፡ ሲፈታ ኔጌቲቩ መጀመሪያ፣ ሲገጠም መጨረሻ ነው፡፡ ወደ መብራትና ወደ ውኃ መምጠጫ ፓምፕ የሚሄደው ሽቦ ፊውዙ ከባትሪው ከ18 ሴንቲ ሜትር ባይርቅ ይመረጣል፤ ከፊውዙ በፊት ያለውን ሽቦ የሚጠብቀው ነገር የለምና፡፡

ሊቲየም ባትሪ የሚገዛም ክብደቱ ቀለለኝ ብሎ ማሰሪያውን አያላላ፤ የሞተሩ ቻርጅ ይስማማው እንደሆነም ከመግጠሙ በፊት ይጠይቅ፡፡