ጎር፦ ሐበሻ የነገሠባት የቤንጋል ከተማ

ቀረብ በሉ፤ የሕንድን ነገር ላጫውታችሁ ነው። ስለ ታጅ ማሃል አይደለም፤ ታጅ ማሃልን ያልሰማ የለም። የምተርክላችሁ የማንጎ ደንና የሩዝ ማሳ ስለዋጣት ስለ ጥንታዊቷ የቤንጋል መናገሻ፣ ስለ ጎር ነው። ይህች ከተማ የእኛም ወገን የነገሠባት፣ የእኛም ወገን ግንብ የቆመባት ናት። የማነሣውን ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።

መንገዱ ከኮልካታ ይጀምራል። ባቡሩ ወደ ሰሜን ስድስት ሰባት ሰዓት ይገሰግሳል፤ ፋራካ ሲደርስም በ1975 ሥራ በጀመረው ግድብ ላይ አድርጎ ታላቁን የጋንጅስ ወንዝ ይሻገራል። ከወንዙ ማዶ ማልዳ የምትባለው አውራጃ ናት። ዋና ከተማዋ ኢንግሊሽ ባዛር በማሃናንዳ ወንዝ ዳር ተቀምጣለች፤ የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የሐር ንግዱን ያካሂድባት ነበር። በበጋ የመጣ ሰው ፋዝሊና ሂምሳጋር የሚባሉትን ማንጎዎች ሳይቀምስ አይሄድም። እዚህ አድራችሁ፣ ጠዋት ቶቶ የሚሏትን የኤሌክትሪክ ባጃጅ ተከራይታችሁ ትወጣላችሁ።

መጀመሪያ ወደ ሰሜን፣ ወደ ፓንዱዋ እንሂድ። የቤንጋል ሱልጣኖች በ14ኛው መቶ ዓመት መናገሻቸውን ከጎር ወደዚህ አዛውረው ነበር። ሱልጣን ሲካንደር ሻህ በ1370ዎቹ ያሠራው የአዲና መስጊድ ርዝመቱ 172፣ ስፋቱ 97 ሜትር ነው፤ በዘመኑ በመላው የሕንድ ክፍለ አህጉር የሚስተካከለው መስጊድ አልነበረም። ጣሪያው አብዛኛው በመሬት መንቀጥቀጥ ወድቋል። የቆመው ግድግዳ ግን ዛሬም ሰው ያስደምማል፤ ታቹ ጥቁር ድንጋይ፣ ላዩ በአበባና በሐረግ የተቀረጸ ቀይ ጡብ ነው። ከድንጋዮቹ ብዙዎቹ ከቀደሙ የሂንዱና የቡድሃ ቤተ መቅደሶች የመጡ ናቸው። በዚያ አገር አንዱ ዘመን የሌላውን ዘመን ድንጋይ ተሸክሞ ይኖራል።

አሁን ፊታችንን ወደ ደቡብ እንመልስ። ሱልጣኖቹ በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወደ ጎር ተመልሰዋል። ወደ ቤተ መንግሥቱ ግቢ የሚያስገባው ዳኪል ዳርዋዛ የሚባለው በር በቀጫጭን ቀይ ጡብ የታነጸ፣ ቁመቱ ከ20 ሜትር የሚያልፍ ግዙፍ በር ነው። ከዚያ እልፍ ስትሉ በለምለሙ መስክ መካከል አንድ ግንብ ለብቻው ቆሞ ይታያል። ቁመቱ 26 ሜትር፣ ደርቡ አምስት ነው፤ ሦስቱ የታች ደርቦች ባለ አሥራ ሁለት ጎን፣ ሁለቱ የላይኞቹ ክብ ናቸው። በውስጡ 73 ደረጃዎች እየተጠማዘዙ ይወጣሉ። ስሙ ፊሩዝ ሚናር ነው። ያሠራው ሐበሻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን ከኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ ዙሪያ የተፈነገሉ ሰዎች በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች እየተጫኑ ለሕንድ ነገሥታት ይሸጡ ነበር። ሕንዶቹ ሐበሺ ይሏቸዋል። ከ1459 እስከ 1474 ቤንጋልን የገዛው ባርባክ ሻህ በታማኝነታቸውና በጀግንነታቸው ተማምኖ ሠራዊቱንና ቤተ መንግሥቱን በእነርሱ ሞላው። ታሪክ ጸሐፊው ፊሪሽታ ቁጥራቸውን 8,000 ያደርሰዋል።

በ1487 የቤተ መንግሥቱ ዘበኞች አለቃ ሱልጣን ፈትሕ ሻህን ገድሎ በዙፋኑ ተቀመጠ። ማሊክ አንዲል የተባለው ሐበሻ የጦር አዛዥ ግን ለነፍሰ ገዳይ አልሰገደም። ገዳዩን ገድሎ የጌታውን ደም መለሰ። ዜና መዋዕል እንደሚተርከው ዘውዱን ለሟቹ ሕፃን ልጅ ሊያስረክብ ፈልጎ ነበር፤ ንግሥቲቱ ግን የባሏን ገዳይ ለሚገድል ሰው ዙፋኑን ልትሰጥ ተስላ ነበርና ንገሥ አለችው። ሰይፉዲን ፊሩዝ ሻህ ተብሎ ነገሠ። ተሸጦ የመጣ ሰው፣ በማያውቀው አገር፣ በዚያ ዘመን ከነበሩት ባለጠጋ መንግሥታት በአንዱ ላይ ነገሠ!

ስለ ለጋስነቱም እንዲህ ይተርካሉ። አንድ ቀን ለድሆች አንድ መቶ ሺህ ሩፒ እንዲሰጥ አዘዘ። ሹማምንቱ፣ ይህ ሐበሻ ያልደከመበትን ገንዘብ ዋጋ አያውቅም ብለው ተማከሩና፣ አይቶ ይደንግጥ በማለት ገንዘቡን በሚያልፍበት ወለል ላይ ዘረገፉት። እሱም ምንነቱን ጠየቀ፤ ለድሆች ያዘዝከው ነው አሉት። ይህማ ለማን ይዳረሳል? ሌላ አንድ መቶ ሺህ ጨምሩበት አለ።

የአካባቢው ሰው የሚያወራው ሌላ ታሪክ ግን ይመርራል። ግንቡ ሲያልቅ ግንበኛው፣ ከዚህም የረዘመ መሥራት እችል ነበር ብሎ ተኩራራ። ታዲያ ለምን አልሠራህም ያለው ንጉሥ በቁጣ ከጫፉ አስወርውሮ ጣለው ይላሉ። ደግነቱንም ቁጣውንም የነገርኳችሁ፣ ጀግናችንን ሙሉ ሰው አድርገን እንድናውቀው ነው።

ፊሩዝ ሻህ ሦስት ዓመት ያህል ገዝቶ አለፈ። ብዙም ሳይቆይ ሲዲ ባድር የተባለ ሌላ ሐበሻ ሙዛፈር ሻህ ተብሎ ነገሠ፤ ጭካኔው መኳንንቱንም ሕዝቡንም አስመረረ። ወዚሩ ሁሴን ሻህ በ1494 አካባቢ ዙፋኑን ነጠቀውና ሐበሾቹን ከአገሩ አባረረ። ብዙዎቹ ወደ ጉጃራትና ወደ ደካን ተሰደዱ። ሐበሻ በሕንድ የሠራው ሥራ ግን በዚያ አላበቃም። በአህመዳባድ ሲዲ ሰይድ የተባለው ሐበሻ በ1573 ያሠራው መስጊድ ዛፍና ሐረግ በተፈለፈለበት የድንጋይ መስኮቱ እስከ ዛሬ የከተማዋ ምልክት ነው። በደካንም ከኢትዮጵያ ተሸጦ የሄደው ማሊክ አምባር በ1610 ኋላ አውራንጋባድ የተባለችውን ከተማ ቆረቆረ።

ወደ ጎር እንመለስ። በከተማዋ ሰሜናዊ ጫፍ በ1526 ያለቀው ባለ አሥራ አንድ በሩ ትልቁ የወርቅ መስጊድ አለ። ከእሱ አጠገብ ራምኬሊ የምትባል መንደር ትገኛለች። የሂንዱ መነኩሴው ቻይታንያ በ1515 ገደማ ወደ ቭሪንዳቫን ሲጓዝ እዚህ አርፎ ነበር። የሱልጣን ሁሴን ሻህ ሹማምንት የነበሩት ወንድማማቾች ሩፓና ሳናታና እዚህ አገኙት፤ ኋላም ሹመታቸውን ትተው ተከተሉት። በየዓመቱ በሰኔ ወር ምእመናን ተሰብስበው ያንን ቀን ያከብራሉ።

መነኩሴው ያረፈው ከካዳምባ ዛፍ ሥር ነበር ይባላል፤ የማልዳ እውቅ ጣፋጭ ሮሾኮዶምቦም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ዛፍ ነው። አሠራሩን ልንገራችሁ። ከትኩስ ወተት የወጣ አይብ ታሽቶ ይድቦለቦልና በስኳር ውሃ ይበስላል። ከዚያ እሳት ላይ እየተማሰለ እስኪጠጥር የተነነ ወተት ይለብሳል። በመጨረሻ በስኳር በተለወሰ ደቃቅ ነጭ የፖፒ ዘር ላይ ይንከባለላል። ሲነክሱት መጀመሪያ ዘሩ ይንኮሻኮሻል፣ ቀጥሎ የወተቱ ቅባት ይቀልጣል፣ ከመሐል የረሰረሰው አይብ ማር ያፈሳል።

ሌላው ካንሳት ነው፤ የተነነ ወተት ተፈርፍሮ የሚነሰነስበት የአይብ ጣፋጭ። ካንሳት የከተማ ስም ነው፤ ከተማዋ ግን ዛሬ ባንግላዴሽ ውስጥ ናት። ሕንድ በ1947 ስትከፈል ድንበሩ የማልዳን አውራጃ ለሁለት ቆረጠው፤ ጣፋጭ ሠሪዎቹ ሙያቸውን ይዘው ወደ ማልዳ ተሻገሩ። የጎር ፍርስራሽ ራሱ በሁለት አገር ተከፍሏል፤ ኮትዋሊ የሚባለው የከተማዋ ጥንታዊ በር ዛሬ ድንበሩ ላይ ቆሟል።

ጎርን ማን አጠፋት? የጋንጅስ ወንዝ ቦታውን እየለወጠ ሸሻት። በ1575 ወረርሽኝ ገብቶ ሰዉን ፈጀ፤ ከተማዋን የያዘው የሙጋል መንግሥት አገረ ገዥ ሙንዒም ካንም በዚያው ዓመት ሞተ። ከሞት የተረፈው ሸሸ። ጡቧና ድንጋይዋ ለዘመናት እየተጋዘ የሌሎች ከተሞች ቤት ተሠራበት። የፊሩዝ ሻህ ግንብ ግን ይህን ሁሉ አልፎ ቆሟል።

ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለትምህርትና ለሕክምና ሕንድ ይሄዳሉ። እናንተም ብትሄዱ፣ ጊዜና አቅም ከፈቀደላችሁ ማልዳ ድረስ ዝለቁ። መሄድ ያልቻላችሁ ደግሞ ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ አስተማሪዎችም በክፍል አንሡት። በባርነት ስለተሸጡት ወገኖቻችን ስናስተምር መሸጣቸውን ብቻ ነግረን አናብቃ። የመሩትን መንግሥትና የሠሩትን ግንብ ጭምር እናስተምር፤ ታሪካቸው ሙሉ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።