ስካርሌት ኦሃራ የማን ልጅ ናት?

ስካርሌት ኦሃራን በአማርኛ የተዋወቃት ሰው ብዙ ነው። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ የማርጋሬት ሚቸልን መጽሐፍ ተርጉሞ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ሰጥቶናላ! ያቺ ቀበጥ፣ ያቺ እልኸኛ የጆርጂያ ጥጥ አምራች ልጅ ለብዙዎቻችን የአሜሪካ ደቡብ ማለት እሷ ሆና ቀርታለች። ፊልሙን ያየ ሰው ደግሞ በዓይኑ የሚመጣበት ፊት አንድ ነው፤ የቪቪየን ሊ። ጉዱ ታዲያ እዚህ ላይ ነው። ሴትዮዋ አሜሪካዊት አይደለችም። እንግሊዛዊት ናት፤ የተወለደችውም በ1913 ሕንድ፣ ዳርጂሊንግ ነው። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ እንደምቆጥር ከወዲሁ ይታወቅልኝ።)

ነገሩ ወዲህ ነው። ፕሮዲዩሰሩ ዴቪድ ሴልዝኒክ በ1936 መጽሐፉን ፊልም የማድረግ መብት ከገዛ በኋላ፣ ስካርሌት ትገኝልኝ ብሎ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር አሳሰሰ። 1,400 ያህል ሴቶች ታዩ ይባላል። የእነ ቤቲ ዴቪስ፣ የእነ ካትሪን ሄፕበርን፣ የእነ ፖሌት ጎዳርድ ስም ተነሳ፣ ወደቀ። ፍለጋው ራሱ ነጻ ማስታወቂያ ሆኖለታል፤ ሰውየው እንደሆነ ነጋዴ ነው። በጥር 1939 ዕጣው ለእንግሊዛዊቷ ወጣ ሲባል ደቡብ ውስጥ ያኮረፈ አልጠፋም። ኩርፊያው ግን አልቆየም። ያንኪ ከምትጫወታት እንግሊዛዊት ትሻለናለች የሚል መጽናኛ ተገኘ። ያንኪ በእነሱ አፍ የሰሜን ሰው ነው፤ በ1865 በእርስ በርስ ጦርነቱ ያሸነፋቸው የገዛ አገራቸው ልጅ። ባዕድ ከወንድም ተሻለ ማለት ነው።

ከአራቱ ዋና ተዋንያን አሜሪካ የተወለደው ክላርክ ጌብል ብቻ ነበር። ሌስሊ ሃዋርድ የለንደን ልጅ ነው። ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ ከእንግሊዛውያን ወላጆች ቶኪዮ ተወልዳ ካሊፎርኒያ ያደገች ናት። ጌብል ቢሆንስ የኦሃዮ ሰው አይደል? የደቡብ ሰው ሆኖ ሲተውን እንደ ደቡብ ሰው ለመናገር እንኳ አልተጨነቀም፤ በገዛ አነጋገሩ ተወጣው። ቪቪየን ግን ሱዛን ማይሪክ የምትባል የጆርጂያ ጋዜጠኛ ተመድባላት አነጋገሩን ተማረች። ጥናቱን የተወጣችው ባዕዷ ናት፤ ኦስካሩንም ወሰደች።

አሁን ወደ ታኅሣሥ 15 ቀን 1939 እንሂድ። አትላንታ ላይ ፊልሙ ተመረቀ። ሕዝቡ ተዋንያኑን ለማየት መንገዱን ሞላው፤ ቪቪየንም እንደ አገር ልጅ ተጨበጨበላት። ያን ማታ ያልነበረችው ሃቲ ማክዳንኤል ናት፤ ማሚ ሆና የተወነችው። ሃቲ የተወለደችው ካንሳስ፣ ዊቺታ ነው። አባቷ በባርነት ተወልዶ በዚያው ጦርነት ለሰሜኑ ጦር የተዋጋ ወታደር ነበር። ከዚህ በላይ አሜሪካዊ ከየት ይመጣል? ግን ጥቁር ናት፤ የጆርጂያ ሕግ ደግሞ ጥቁርና ነጭን አንድ አዳራሽ አያስቀምጥም። በየካቲት 1940 ኦስካር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ስትሆን እንኳ የተቀመጠችው ከሥራ ባልደረቦቿ ተለይታ፣ ግድግዳው ጥግ ባለች ጠረጴዛ ነው።

ዛሬ «ይህ ሚና ለአሜሪካዊ ይገባ ነበር» የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር ያቺ የአትላንታ ማታ ትዝ ትለኛለች። ባትማንም (2005)፣ ሊንከንም (2012)፣ ሱፐርማንም (2013) በእንግሊዝ ልጆች ተሠርተዋል፤ ከጥቂት ማጉረምረም በቀር ሰማይ አልተደፋም። የሂዩ ሎሪማ ቀልድ ነው። ለ«ሃውስ» የሙከራ ቪዲዮውን ናሚቢያ ውስጥ ሆቴል መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቀርጾ ቢልክ፣ ዳይሬክተሩ እንግሊዛዊ መሆኑን ሳያውቅ «የምፈልገው እንዲህ ያለ አሜሪካዊ ነው» አለ ይባላል።

ክርክሩ የሚከርረው ባዕዱ ጥቁር ሲሆን ነው። በ2017 ሳሙኤል ኤል ጃክሰን የ«ጌት አውት»ን ዳንኤል ካሉያ አንስቶ፣ ያን ሚና አሜሪካ ያደገ ጥቁር ቢይዘው ምን ይመስል ነበር ሲል ጠየቀ። በ«ሰልማ» (2014) ማርቲን ሉተር ኪንግን እንግሊዛዊው ዴቪድ ኦዬሎዎ መጫወቱንም ጨመረበት። በ2019 «ሃሪየት» ሲወጣ ደግሞ ሃሪየት ተብማንን ከናይጄሪያውያን ወላጆች ለንደን የተወለደችው ሲንቲያ ኤሪቮ እንዴት ትጫወታለች ተባለ።

እኔ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተደባልቆ ይታየኛል፤ እንጀራና ደም። የእንጀራው አቤቱታ እውነት አለው። ለጥቁር ተዋናይ የሚጻፈው ትልቅ ሚና ድሮም ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱ ላይ ሲወሰድ ያማል። እንግሊዛዊው ጥቁርም ቢሆን ለሽርሽር አልመጣም፤ የአገሩ ቴሌቪዥን የነገሥታትና የመኳንንት ድራማ ሲሠራ ለእሱ ቦታ ስላጣለት ነው። ኢድሪስ ኤልባ ለ«ዘ ዋየር» ሲፈተን እንግሊዛዊነቱን እንዳይናገር ተመክሮ ነበር።

የደሙን ክርክር ግን ልቀበለው አልችልም። ምክንያቴ ሩት ነጋ ናት። አዲስ አበባ የተወለደች፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ አየርላንዳዊት። በ2016 «ለቪንግ» ላይ ሚልድሬድ ለቪንግን ተጫወተች፤ ነጭ ስላገባች በ1958 ቨርጂኒያ ውስጥ ከባሏ ጋር ከመኝታዋ የተያዘችውን። ዳኛው የአንድ ዓመት እስር ፈረደባቸው፤ ከግዛቱ ወጥተው ለ25 ዓመት አብረው ካልተመለሱ ቅጣቱ ይታገድላቸዋል አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያን ሕግ የሻረው በ1967 ነው። የሩት እናትና አባት ከዚያ በፊት ቨርጂኒያ ቢጋቡ ኖሮ ወንጀለኞች ነበሩ።

ሩት በ2017 ለኦስካር ታጨች። ባሏን ሪቻርድን ሆኖ የሠራው ጆኤል ኤጀርተን ደግሞ አውስትራሊያዊ ነው። ፊልሙ የተቀረጸው እዚያው ቨርጂኒያ ነው፤ ባልና ሚስቱ ውጡ በተባሉበት ምድር።