ዙሩን የሚቆጥር ማን ነው? (ስለ ጃንሜዳ)

ከስድስት ኪሎ ግቢ ወጥቶ ጃንሜዳ ለመድረስ ብዙ አያስኬድም፤ የጫማውን ክር ያጠበቀ ተማሪ እግሩ ሳይሞቅ ይደርሳል። ታዲያ ብዙዎቻችን ሜዳውን የምናውቀው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ታቦታቱ ወጥተው ሲያድሩ፣ በጥምቀት ነው። እኛ ግን ከፈረንሳይ ለጋሲዮንና ከቀበና በኩል ያደግን ጥቂት ልጆች ሜዳውን የተማርነው በእግራችን ነው። ልጆች ሳለን ማለዳ 12 ሰዓት ላይ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ብርዱ ጆሮ ሲቆርጥ እንገናኝ ነበር። ከአንበሳ ግቢ የአንበሳው ድምፅ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ከመካከላችን ፈሪው ልጅ ያኔ ሩጫውን ይጨምራል። ስለዚህ የሜዳውን ታሪክ ስንነግራችሁ ትዝታችን ጣልቃ ቢገባ አትቀየሙን። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ይህ ሜዳ የማን ነው?

ስሙ መልሱን አስቀድሞ የሰጠ ይመስላል። ጃንሜዳ ማለት «የጃንሆይ ሜዳ» ነው፤ የንጉሥ ሜዳ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሜዳ ሥልጣን የሚታይበት አደባባይ ነበር። ሠራዊት ይሰለፍበታል፤ ፈረስ ይጋለብበታል፤ ጉግስ ይጫወቱበታል። በገና ዕለት ብቻ ዱላና ሩር ተይዞ ጌታና ሎሌ ለግማሽ ቀን እኩል ይጋፋሉ። ማታ ሁሉም ወደየደረጃው ይመለሳል።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተዋግተው ተሸነፉና ተማረኩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ድል ያደረገው ጦር በዚሁ በጃንሜዳ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ፊት ተሰለፈ። ጋሻው፣ ጎፈሩ፣ ለምዱ፣ ነጋሪቱ ሁሉ ነበር። ንጉሥ ሚካኤልም በሰንሰለት ታስረው በእግራቸው አለፉ። ይህን ከተመለከቱት አንዱ እዚሁ አዲስ አበባ የተወለደ የ6 ዓመት ልጅ ነበር፤ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሹም ልጅ፣ ዊልፍሬድ ቴሲጀር። በኋላ ስመ ጥር ተጓዥና ጸሐፊ ሆኖ፣ ያን ቀን ዕድሜውን ሙሉ ከልቡ እንዳልጠፋ ጽፏል። እሱን የማረከው ግርማው ነው። እኛ ግን ስናነብ ዓይናችን የሄደው ወደ ሽማግሌው ንጉሥ እግር ነው። እኛ በፈቃዳችን የምንዞረውን ሣር እሳቸው በሰንሰለት ረገጡት። ለካ በአንድ ሜዳ ላይ እግር ሁሉ አንድ ዓይነት አይሄድም!

ዘመን ተለወጠ። ከጠላት ወረራ በኋላ የክቡር ዘበኛ ሠራዊት ሰፈር ከሜዳው አጠገብ ሆነ። ወታደር መቼም የሚሮጠው በትእዛዝ ነው፤ ፊሽካ ሲነፋ ይነሣል፣ ፊሽካ ሲነፋ ይቆማል። ከዚያ ሠራዊት የወጣው አበበ ቢቂላ ግን በሮማ ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። ቀኑን እስቲ ልብ በሉት፦ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። እዚህ በየደጁ ችቦ በሚበራበት ምሽት፣ እዚያም የጣሊያን ወታደሮች በመንገዱ ዳር ቆመው ለሯጮቹ ችቦ ያበሩ ነበር። ከአክሱም ተነቅሎ በሮማ አደባባይ የቆመውን ሐውልት አልፎ ነው ድሉን የጨበጠው።

ሦስት ወር ገደማ ቆየ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የዚያው የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከገርማሜ ጋር የሞከሩት መፈንቅለ መንግሥት ከሸፈ። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሚኒስትሮች እዚያው ተረሸኑ። በዓመቱ ቤተ መንግሥቱ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ ይህ ዛሬ መጻሕፍታችንን ይዘን የምንመላለስበት ግቢ ነው። ግቢያችን ከቤተ መንግሥትነት ወደ ትምህርት ቤትነት የተለወጠው በአንድ ቀን፣ በአዋጅና በምረቃ ነው። ጃንሜዳ ግን እንዲህ ያለ የምረቃ ቀን የለውም። ከንጉሥ ሜዳነት ወደ ሕዝብ ሜዳነት ያሻገረው በየማለዳው የሚረግጠው እግር ነው፤ ካህኑ፣ ኳስ ተጫዋቹ፣ ፈረሰኛው፣ ሐኪም ተራመጂ ያላት እናት፣ ሯጩ።

ስለ ሯጩ አንድ ነገር እንጨምር። በመጋቢት 1973 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም አገር አቋራጭ ውድድር ማድሪድ ላይ ተሰለፈች። ልጆቻችን ፊት ፊት መሩ፤ መጨረሻው ደረሰ ብለው ያላቸውን ጉልበት አውጥተው ፈተለኩ። ምን ያደርጋል፣ ገና አንድ ዙር ይቀር ኖሯል! የቀረውን ዙር በተሟጠጠ ጉልበት ሮጠው፣ መሐመድ ከድር ሁለተኛ ወጣ፤ በቡድን ግን ዋንጫው የኢትዮጵያ ሆነ። ይህን ታሪክ መጀመሪያ ስንሰማ ሳቃችን ለከት አጣ፤ ምክንያቱም ከእኛም መካከል ሁልጊዜ ዙር የሚሳሳት አንድ ልጅ ነበረን። እሱ ስድስት ሲል እኛ አምስት ነን። ማለዳ ማለዳ ዱላቸውን ይዘው የሚንሸራሸሩ አንድ አባት «ልጆቼ፣ እግር ሁሉም ሰው አለው፤ ሩጫ ቆጠራ ነው» ይሉን ነበር።

ከዚያ ወዲህ የጃንሜዳ አገር አቋራጭ ብሔራዊ ቡድን የሚመረጥበት ውድድር ሆነ። ስሙን በዓለም ያሉ ሯጮች ሁሉ ያውቁታል። ቀነኒሳ በቀለ ከ1994 እስከ 1998 ዓ.ም. በተከታታይ አምስት ዓመት የዓለም አገር አቋራጭን አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት ሲያሸንፍ፣ ከኋላው ያለው ይህ ዓይነቱ የሣርና የጭቃ ሩጫ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሳንባ እዚህ የለመደውን ሌላ ቦታ አይረሳም። በመካከላችን የነበሩት ሁለት ልጃገረዶች ግን የሚያነሡት ደራርቱ ቱሉን ነው። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና 10,000 ሜትር ስታሸንፍ፣ የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ልጃገረዶቹ ሲሮጡ ከዳር ሆኖ የሚያላግጥ አይጠፋም ነበር፤ «ደራርቱ ነኝ ልትል ነው» ይላል። «አዎ ነኝ!» ትልና አንደኛዋ ትፈተለካለች። እንግዲህ ለአንዲት ሴት ልጅ ያለ ክፍያ፣ ያለ ፈቃድ ወረቀት፣ በጠዋት ወጥታ የምትሮጥበት ሰፊ ሜዳ በከተማ መሃል መኖሩ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ገባ። ትምህርት ተዘጋ። የፒያሳው አትክልት ተራ የተጨናነቀ ስለሆነ ገበያው ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ያኔ 8ኛ ክፍል ነበርን። የምንሮጥበት ሣር ላይ ሸራ ተወጠረ፤ የጭነት መኪና ጎማ መሬቱን አረሰው፤ ክረምቱ ሲገባ የጎመኑ ቅጠልና የቲማቲሙ ብስባሽ ከጭቃው ጋር ተቦካ። በዳሩ አስፋልት ላይ እየሮጥን ስንራገም ከረምን። «ሜዳችንን ወሰዱብን! ሰው እንዴት ጃንሜዳ ላይ ሽንኩርት ይቸረችራል?» እንል ነበር። ያ ዙር የሚሳሳተው ጓደኛችን ብቻ አብሮን አይራገምም። ዝም ይላል።

አንድ ቀን ከሸራዎቹ መሃል «ኑ ልጆቼ፣ አረፍ በሉ!» የሚል ድምፅ ሰማን። የእሱ እናት ናቸው። ፊታቸውን በሻሽ ሸፍነው ቲማቲም ይለያሉ፤ ጤነኛውን ወደ ሣጥን፣ የላላውን ወደ ጎን። እሱን የሚያስተምሩት በዚህ ንግድ እንደሆነ ያን ዕለት አወቅን። ከላላው ሳይሆን ከጤነኛው መርጠው አንዳንድ ሰጡን። ማናችንም ቀና ብለን ልናያቸው አልቻልንም። «የሕዝብ ሜዳ» እያልን ስንፎክር ሕዝቡ እሳቸው መሆናቸው እንዴት ጠፋን?

በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ገበያው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረና ሜዳው ለጥምቀት እንዲደርስ ሰው ሁሉ አካፋና መጥረጊያ ይዞ ወጣ። እኛም ወጣን፤ እናትየውም ከእኛ ጋር ጠረጉ። ታዲያ ሜዳው ሲጸዳ ደስ ያለንን ያህል አንድ ነገር ከነከነን፤ እሳቸው ከዚያ ወዲያ ለመነገድ በሁለት ታክሲ መሄድ ነበረባቸው። የእኛ ሣር የመለሰው በእሳቸው መንገድ ርዝመት ነው። ይህን ሒሳብ አንድ ሰው ጽፎ ያስቀምጠው ብለን ነው እዚህ ያነሣነው።

የታሪክ መጻሕፍት የጃንሜዳን ሰልፍ ይቆጥራሉ፤ ጄኔራሉን፣ ንጉሡን፣ ዋንጫውን። የቲማቲም ሻጯን ዙር አይቆጥሩም። የዚያችን «አዎ ነኝ!» ያለች ልጅም አይቆጥሩም። እኛ ታሪክ አጥኚዎች ሆነን ሳይሆን ዙራችንን ስለቆጠርን ብቻ ነው የምንጽፈው። ክፍት ሜዳ በከተማ መሃል ሲገኝ ሁልጊዜ ለአንድ ነገር ይፈለጋል፤ ምክንያቱም አንዳንዴ ከንቱ፣ አንዳንዴም እንደ 2012ቱ እውነተኛ ይሆናል። ሁለቱን ለይቶ መናገር የሚችለው ሜዳውን የሚያውቅ ነው። የሚያውቀው ደግሞ የሚረግጠው ነው።

ያ ጓደኛችን ዛሬም ይሮጣል፤ ዛሬም ይሳሳታል። ባለፈው ሰሞን «ጨረስን!» ብሎ ቆመ። «ኧረ አንድ ይቀራል» አልነው። ሳቀና እንደገና ጀመረ፤ እኛም ተከተልነው።