ቁመታቸውን የደበቁ ምልምሎች

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፈረንሳይ ውስጥ ለውትድርና ዕጣ የወጣበት ወጣት ወደ ጦር ሠፈር ይጠራ ነበር፤ ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ57 ሳንቲሜትር ካነሰ ግን ወደ ቤቱ ይመለሳል። በመለኪያው ሥር ጉልበቱን ሸብረክ ያደረገ ወጣት፣ ወይም አይቶ እንዳላየ ያለፈ ለኪ ቢኖር መዝገቡ አይናገርም። ይሁንና አንድ የቤልጅየም የሥነ ፈለክ ሊቅ፣ ከወጣቶቹ አንዱንም ሳያይ፣ አጭበርብረው የቀሩት ስንት እንደሚሆኑ ከቁጥሮቹ ብቻ ገመተ።

ሰውየው የብራሰልስን የኮከብ መመልከቻ ጣቢያ የመሠረተው አዶልፍ ኬትሌ ነው። የአንድን ኮከብ ቦታ ደጋግመው ሲለኩ ውጤቱ በየጊዜው ጥቂት እንደሚለያይ ከሙያው ያውቃል። ልዩነቱ ግን ሥርዓት አለው፤ አብዛኛው ልኬት መሀል ላይ ይከማቻል፣ ከመሀሉ በተራቀ ቁጥር በግራም በቀኝም እኩል እየሳሳ ይሄዳል። ሲነደፍ ደወል የሚመስለው ይህ ቅርጽ ዛሬ ኖርማል ስርጭት ይባላል። በሃይማኖቱ ምክንያት ከፈረንሳይ ተሰዶ ለንደን ላይ ሒሳብ በማስተማር ይኖር የነበረው አብርሃም ደ ሞቭር እ.ኤ.አ. በ1733 ቀመሩን ደርሶበት ነበር፤ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ ደግሞ በ1809 የሰማይ ልኬት ስህተቶችን ገለጸበት።

የኬትሌ ድፍረት ለሰማይ የተሠራውን ወደ ሰው ገላ ማምጣቱ ነው። በ1846 ባሳተመው መጽሐፍ የ5,738 የስኮትላንድ ወታደሮችን የደረት ዙሪያ በሰንጠረዥ ደረደረ። አማካዩ ወደ 40 ኢንች፣ ከአማካዩ የመራራቃቸው መጠን፣ ማለትም ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ፣ ወደ 2 ኢንች ነበር፤ ቅርጹም ያው ደወል።

ዜድ ስኮር የሚባለው ስሌት እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። ደረቱ 44 ኢንች የሆነ ወታደር ከአማካዩ በ4 ይበልጣል፤ 4 ለ2 ሲካፈል ዜድ ስኮሩ 2 ነው። የ38 ኢንቹ ደግሞ ከዜሮ በታች 1። ኢንቹ ከስሌቱ ስለሚወጣ ደረትን ከቁመት፣ የሕፃንን ልኬት ከአዋቂ ጋር በአንድ ሚዛን ማየት ይቻላል። ስርጭቱ ኖርማል ከሆነ ከ100 ሰው 68 ያህሉ ከዜሮ በታች 1 እና ከዜሮ በላይ 1 መካከል ይገኛሉ፤ እስከ 2 ሲሰፋ 95 ያህሉ። ከዜሮ በታች 2 ን አልፎ የሚወርድ ከ100 ሁለት ቢሆን ነው።

ወደ ምልምሎቹ እንመለስ። ኬትሌ የ100,000 ወጣቶችን ቁመት ከደወሉ ጋር አስተያየ። በቀመሩ መሠረት ከ1 ሜትር ከ57 በታች መሆን የነበረባቸው 26,345 ሲሆኑ መዝገቡ 28,620 ይላል። ከመስመሩ ከፍ ብሎ ባለው እርከን ደግሞ ሰው ጎድሏል። ከ2,000 በላይ ወጣቶች በወረቀት ላይ አጥረው ነበር ማለት ነው።

ኬትሌ ከዚህ አልፎ አማካዩን ሰው የተፈጥሮ ዓላማ፣ ከእሱ መራቅን ስህተት አድርጎ ማየቱን ግን አልቀበልም። ኮከብ አንድ እውነተኛ ቦታ አለው፤ ባለ 44 ኢንቹ ወታደር ግን የማንም ስህተት አይደለም። ሁሉም ነገር በደወል ቅርጽ እንደማይሰራጭ ለማወቅም ገቢን ማየት ይበቃል።

የዜድ ስኮር ስሌት ዛሬ በየጤና ጣቢያው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የሕፃናት ዕድገት መለኪያ ከብራዚል፣ ከጋና፣ ከሕንድ፣ ከኖርዌይ፣ ከኦማንና ከአሜሪካ በተመረጡ፣ በሚገባ በተመገቡ ሕፃናት ላይ የተመሠረተ ነው። በዕድሜው ሊኖረው ከሚገባው ቁመት አንጻር ዜድ ስኮሩ ከዜሮ በታች 2 ን አልፎ የወረደ ሕፃን ቀንጭሯል ይባላል። አንድ ልጅ ብቻውን ቢሆን በተፈጥሮው አጭር ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 38ቱ ከዚያ መስመር በታች ተገኝተዋል። በደንብ በበሉት ዘንድ የሚጠበቀው ሁለት ነው። የቀሩትን 36 ያሳጠራቸው የምግብ እጥረት፣ ተደጋጋሚ ሕመምና የንጹሕ ውኃ እጦት ነው።