የአውራሪስ ቀንድ በኛ መንገድ

ከመተማ ተነስቶ በገዳሪፍና በወድ መደኒ አድርጎ ካርቱም የሚገባ ሰው ሶባን ሳያልፍ ከተማው መሀል አይደርስም። ካርቱም ከመቆርቆሯ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ሶባ የአልዋ ክርስቲያናዊ መንግሥት መናገሻ ነበረች። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ኑብያ የጻፈው ኢብን ሱለይም አል አስዋኒ ያማሩ ሕንፃዎች፣ በወርቅ የተሞሉ አብያተ ክርስቲያናትና የሙስሊሞች ሰፈር እንደነበሯት መዝግቧል። በኋላ ሰናር ስትነሳ ንግዱ ወደዚያ ዞረ። ወርቁ፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ የሚያሳዝነው ደግሞ ባሪያውም በዚህ አካባቢ ሲመላለስ ኖሯል። ዛሬ የምናነሳው ከነዚህ ጋር የሚቆጠር፣ ብዙ ያልተወራለትን ዕቃ ነው፤ የአውራሪስ ቀንድ።

በሌላው ከመፍረዳችን በፊት ከቤታችን እንጀምር። ዋንጫ ሲባል ዛሬ ቶሎ የሚታየን የእግር ኳሱ ነው። ቀድሞ ግን ዋንጫ ማለት ጠጅና ጠላ የሚጠጣበት የቀንድ ዕቃ ነበር። ተራው ሰው በበሬ ቀንድ ሲጠጣ ከመኳንንቱ መካከል ከአውራሪስ ቀንድ የተሠራ ዋንጫ የነበራቸው አሉ። የጎራዴና የሾተል እጀታም ከዚሁ ቀንድ ሲሆን የባለቤቱ ክብር ከፍ ይል ነበር። ቀንዱ እንግዲህ ከጥፍራችንና ከፀጉራችን ከሚሠራው ነገር የተሠራ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

አውሬው የሚገኘው እዚሁ ቆላው ላይ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ወጥቶ በመተማ አካባቢ ወደ ሰናር ወርዷል፤ የቆላውን አዳኞችም ገልጿል። ሁለት ሰው በአንድ ፈረስ ይወጣል፣ ከኋላ ያለው ዘሎ ይወርድና የአውሬውን ቋንጃ በሰይፍ ይቆርጣል። ዘጠና ዓመት ያህል ቆይቶ ሳሙኤል ቤከር በሰቲት፣ ማለትም በተከዜ ዳር፣ ሐምራን የሚባሉት ዐረቦች አውራሪስን በፈረስ አሯሩጠው በሰይፍ ሲጥሉ አይቷል። ድፍረታቸው የሚገርም ነው። ነገር ግን እናቲቱ አንድ ግልገል አስራ አምስት ወር ገደማ አርግዛ የምትወልድ፣ እስከሚቀጥለውም ሁለትና ሦስት ዓመት የምትቆይ እንስሳ ናት። ጠመንጃ ሲበዛ ምን ይተርፋል? በብሩስ ስም የተሰየመው የዚህ አገር የጥቁር አውራሪስ ዝርያ ዛሬ ከምድር ጠፍቷል። በሱዳን በኩል ዲንደር በ1935 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በኛም በኩል ቋራ ውስጥ አልጣሽ ተከልሏል። በሁለቱም ውስጥ ግን አንድም አውራሪስ የለም።

የንግዱ ታሪክ ግን እዚያ አላበቃም። በ1970ዎቹ ወደ ሳዑዲ ለሥራ የሄዱ የሰሜን የመን ሰዎች ገንዘብ ያዙ፤ ገንዘብ የያዘ ሁሉ ደግሞ እጀታው የአውራሪስ ቀንድ የሆነ ጀምቢያ መታጠቅ ፈለገ። የመን ማስገባቱን በ1982 ብታግድም ዕቃው መግባቱን አላቆመም። የሰንዓን ገበያ ለዓመታት የተከታተለው ኤዝሞንድ ብራድሊ ማርቲን በ1980ዎቹ አጋማሽ ዋናዋ መተላለፊያ ካርቱም መሆኗን ደርሶበታል። ቀንዱ ከመካከለኛው አፍሪካ አገሮች እየተሰበሰበ በካርቱም ነጋዴዎች በኩል ቀይ ባሕርን ይሻገር ነበር። በ1970 በአፍሪካ 65,000 ያህል የነበረው ጥቁር አውራሪስ በ1995 ወደ 2,400 ወረደ።

በኔ እምነት የጥበቃው ነገር የሚያስተምረን እዚህ ላይ ነው። ኬንያ በ1980ዎቹ የተረፉትን በአጥር በተከለሉ ቦታዎች ሰብስባ በታጠቁ ጠባቂዎች ማስጠበቅ ጀመረች። ያኔ ከ400 በታች የነበሩት ዛሬ አንድ ሺህ ገደማ ሆነዋል። ጠባቂ የሚያድነው ግን በአጥሩ ውስጥ ያለውን ነው፤ ገዢውን ማስቆም የሌላ ሰው ሥራ ነው። የመን ውስጥ የአገሪቱ ታላቅ ሙፍቲ በ1992 ለጀምቢያ ተብሎ አውራሪስ መግደል የእግዚአብሔርን ፈቃድ የሚጻረር ነው ብለው ፈትዋ ያወጡት ለዚህ ነበር።

በ1975 ከደቡብ ሱዳን፣ ከሻምቤ፣ ተይዞ ወደ ቼኮዝሎቫኪያ የተወሰደ አንድ የሰሜን ነጭ አውራሪስ ነበር። ስሙ ሱዳን ነው። በመጋቢት 2018 ኬንያ ውስጥ ሲሞት የዘሩ የመጨረሻ ወንድ ነበር፤ የቀሩት ልጁ ናጂንና የልጅ ልጁ ፋቱ ብቻ ናቸው።

ለነጋዴና ለሹፌር ወገኖቻችን አንድ ነገር እንጨምር። ጥቁር አውራሪስ ከ1977 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ በታገደ ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ኢትዮጵያም ሱዳንም የስምምነቱ አባል ናቸው። ጥሬ ቀንድ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ከአያት የወረደ ጎራዴ እንኳ እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ከሆነ ለሽያጭ ድንበር ከማሻገራችሁ በፊት ፈቃዱን ጠይቁ። «እባክህ ይቺን ዕቃ ብቻ አድርስልኝ» ተብሎ የተጠቀለለ ነገር ሲሰጣችሁም ፈትታችሁ እዩት።