ሲጢጥ የሚለው በር

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀደም ዕለት የእህቴ ልጅ ከዕቃ ቤት አንዲት ግራጫ ሣጥን ጎትቶ አወጣ። የመጀመሪያዋ ፕሌይስቴሽን ነች። አቧራዋን አራግፈን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘናትና «ሬዚደንት ኢቭል» የሚለውን ሲዲ ከተትንባት። ልጁ ምስሉን ሲያይ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ጋሼ፣ ያስፈራችሁ የነበረው ይሄ ነው?» አለኝ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መብራት ይብራ ያለው ግን እሱው ነው።

አይፈረድበትም። ጨዋታውን የጃፓኑ ካፕኮም ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1996 ነበር። እዚያው አገሩ «ባዮሃዛርድ» ይባላል፤ አሜሪካ ሲሻገር ስሙ በሌሎች ተይዞ ስለተገኘ ሌላ ወጣለት። ሥራውን የመራው ሺንጂ ሚካሚ ሲሆን፣ መነሻው ኩባንያው በ1989 የሠራው «ስዊት ሆም» የተሰኘ የመናፍስት ቤት ጨዋታ ነው። ታሪኩ አጭር ነው፦ ጥቂት ፖሊሶች ጫካ መሐል ያለ ትልቅ ቤት ይገባሉ፤ ቤቱ ውስጥ የሚንከላወሱት ደግሞ ሞተው ያልሞቱ ናቸው።

ታዲያ ፍርሃቱ ከየት መጣ? ከድህነት! የማሽኗ ዋና ሜሞሪ 2 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ዛሬ በስልካችን የምናነሳት አንዲት ፎቶ ትበልጠዋለች። ያንን ሁሉ ኮሪደርና ደረጃ በዚያ ውበት ከየአቅጣጫው እያዞረች ለማሳየት አቅም የላትም። ስለዚህ ክፍሎቹ አስቀድመው በተዘጋጁ ሥዕሎች ተተኩ፤ ካሜራውም ጥግ ላይ ተተከለ። ጥግ ላይ የተተከለ ካሜራ ደግሞ ከማዶ ያለውን አያሳይም። እግር ሲጎተት ትሰማለህ፣ ማን እንደሆነ አታይም። ሲዲው ቀጣዩን ክፍል እስኪያነብ ጊዜ ይፈጃል፤ እሱንም በጨለማ ውስጥ ቀስ እያለ ሲጢጥ በሚል በር ሸፈኑት። መጠበቁ ራሱ ልብ ይሰቅላል። በ1999 ኮናሚ «ሳይለንት ሂል»ን ሲያወጣም ማሽኗ ሩቁን መሣል ቢያቅታት ከተማውን ጉም አለበሰው።

ቁጠባው ደግሞ የባሰ ነው። ጥይት ተቆጥሮ ነው የሚሰጥህ። ክሪስ 6፣ ጂል 8 ዕቃ ብቻ ይይዛሉ። የደረስክበትን ለማስቀመጥ እንኳ የጽሕፈት መኪና ፈልገህ አንድ ሪባን መክፈል አለብህ።

ከዚያ ወዲያ ማሽኖቹ በለጸጉ። በ2005 አራተኛው ሲወጣ ካሜራው ከትከሻ ኋላ ሆነ፤ ጨዋታው ግሩም ነው፣ ግን ከመሸሽ ይልቅ መተኮስ በዛ። በ2017 ሰባተኛው ወደ ጠባብ ቤትና ወደ ጥይት ቁጠባ የተመለሰው ያለ ነገር አይደለም። እኛስ ብንሆን ልጅ ሳለን የፈራነው ያየነውን ጅብ ነው እንዴ? ከአጥር ውጭ ሲጮኽ የሰማነውን እንጂ!

ድህነትን ላወድስ አይደለም። ማጣት ብቻውን ማንንም ጠቢብ አያደርግም። እነዚህ ሰዎች ግን «ማሽኑ አይችልም» ብለው እጃቸውን አላጣጠፉም፤ ያልቻለውን ነገር ራሱን የሥራው አካል አደረጉት። እኛ ዘንድ «በጀት የለም» የምትለው ቃል ስንት ስብሰባ እንደዘጋች ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ?

ሌሊቱ ተጋምሷል። ልጁ ከጽሕፈት መኪናው ፊት ቆሟል። የቀረው አንድ ሪባን ነው። ሁሉ ነገር ራሱ እየተቀመጠለት ያደገው ልጅ ዞር ብሎ ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ አሁን እንጠቀምበት ወይስ እንቆጥበው?»

እስቲ እናንተው ምከሩት።