የወለጋ የፍቅር ዘፈን

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆና በደምቢ ዶሎ፣ በዙሪያቸውም ባለው የቡና አገር፣ በኦሮምኛ የሚዜም፣ ወዳጅንና የትውልድ ቀዬን አንድ አድርጎ የሚያወድስ ዜማ ነው። ግጥሙ ብዙውን ጊዜ በሁለት ስንኝ የሚቆም ሲሆን፣ የፊተኛው ወንዙን፣ ተራራውን ወይም ከብቱን ጠርቶ ድምፁን ካሰናዳ በኋላ፣ የኋለኛው በዚያው ቤት የልቡናን ምሥጢር ይገልጣል፤ ባዕድ ሰሚ የፊተኛውን ከንቱ ጌጥ ነው ቢል አይፈረድበትም፣ ነገር ግን ዘፋኙ የወዴት ሰው እንደ ሆነ የሚመሰክረው እርሱ ነው። እንዲህ ያለውን የኦሮሞ ቃላዊ ግጥም ወደ ጽሕፈት በማሻገር ረገድ ታላቅ ውለታ የዋለችው አስቴር ጋኖ ናት፤ ከሰበሰበቻቸው ተረቶችና ዘፈኖች አንዳንዶቹ ከመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር በኤርትራ ባለችው በምንኩሉ በ1894 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የንባብ መጽሐፍ ገብተዋል። ሁለቱም ኋላ ወደ ወለጋ መጥተው አስተምረዋል፤ ኦኔሲሞስ በ1931 እ.ኤ.አ. በነቀምቴ ዐረፈ።